ከጥላ ወደ ጥላ

«ባሕር ዳር መናፈሻ አላት?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቶሎ መልስ አያገኝም። በር ያለው፣ ቲኬት የሚቆረጥበት፣ አበባው በመስመር የተተከለ ቦታ የሚፈልግ ሰው ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ዞሮ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። «ጥላ የት አለ?» ያለ እንደሆነ ግን ሊስትሮው ብሩሹን ሳያስቀምጥ በአገጩ ይጠቁመዋል፤ ጊዮርጊስ ቅጥር ውስጥ ከሾላው ሥር፣ ሐይቁ ዳር ከማንጎው ሥር፣ አውራ ጎዳናው ላይ ከዘንባባው ሥር፣ ጀልባ ካገኘ ደግሞ ዘጌ ከቡናው ሥር። ባሕር ዳርን ለማየት ከዚህ የተሻለ ካርታ አላውቅም። መንገደኛው ከአንዱ ጥላ ተነሥቶ ሌላው ጥላ ላይ ይቀመጣል፤ በመሃል ይበላል።

ከሁሉም ቀጭኑ ጥላ የዘንባባው ነው። ፎቶ ላይ ያምራል፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ከግንዱ ስፋት በላይ ጥላ አይሰጥም። ቢሆንም ከተማዋን ከተማ ያሰኛት እርሱ የተተከለበት ሰፊ መንገድ ነው። ባሕር ዳር ለረጅም ዘመን በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰበች የሐይቅ ዳር መንደር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1961 ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቆመ፤ በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተከፈተ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ማክስ ጉተር የተባሉ ጀርመናዊ ፕሮፌሰር የከተማዋን ማስተር ፕላን ነደፉ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ዋና ከተማውን ወደዚህ የማዛወር ሐሳብ ነበራቸው የሚለው ወሬ ዛሬም በሽማግሌዎች ዘንድ ይነገራል። ወሬው እውነትም ይሁን አይሁን መንገዶቹ ዋና ከተማ የሚጠብቁ መስለው ሰፍተው ወጥተዋል። ነዋሪው «ፖሊ» የሚለው ይህ ኢንስቲትዩትና «ፔዳ» የሚለው የመምህራን ኮሌጅ በኋላ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። የመሬቱ ሜዳነት ደግሞ ለብስክሌት ተስማምቷል። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ከኋላ ኮርቻ ላይ ጎመን ጭና የምትሄደው ሴት፣ ሁሉም በብስክሌት ነው። ሰማያዊዎቹ ባጃጆች ከበዙ ወዲህ ቁጥሩ ቢቀንስም ዳገት የሌላት ከተማ ብስክሌቷን ጨርሳ አልጣለችም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ግድም ወደ ሐይቁ መውረድ ይሻላል። ጊዮርጊስን የተሳለመ ሰው ከዛፎቹ ሥር ትንሽ ይቆያል፤ ነጠላዋን የተከናነበች እናት ከሾላው ሥር ተቀምጣ ጸሎቷን ትጨርሳለች፤ የቆሎ ተማሪ ደብተሩን ከፍቶ ይወዛወዛል። በቅጥሩ ውስጥ በ17ኛው መቶ ዘመን ለነበሩት የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን የሚሰጥ የድንጋይ ግንብ አለ። ጎብኚዎች ግንቡን ፎቶ ያነሣሉ። እኔ ግን ዛፎቹን አስበልጣለሁ፤ ግንቡ ሲያረጅ ዛፎቹ ቆመው አይተውታልና።

ከዚያ ዳርቻውን ተከትሎ መራመድ ነው። ከውኃው ጠርዝ ደንገሉ ይወዛወዛል፣ ፔሊካኖች ከጀልባ ማሰሪያው ዘንድ የዓሣ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ግድም ነው። ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ስለዚህ ነው ጀልባ ነጂው ገና በማለዳ «ጋሼ፣ ዘጌ የምትሄድ ከሆነ አሁን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ይቆጣል» የሚለው። ገበያ ፍለጋ የሚናገር ይመስላል፤ ነገር ግን እውነቱን ነው።

በዚህ ሰዓት ታንኳም ይታያል። ከደንገል የሚታሰረውን ታንኳ በመሥራት የታወቁት በዳርቻው የሚኖሩት የወይጦ ማኅበረሰብ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል «ራ» ብሎ የሰየማትን የደንገል መርከብ አሠርቶ ከሞሮኮ ወደ አሜሪካ ሲነሣ ደንገሉ የተቆረጠው ከጣና ነበር። ሠሪዎቹን ያመጣው ግን ከቻድ ሐይቅ ነው። መርከቧ ውኃ ጠጥታ ከመድረሻዋ ሳትደርስ ቀረች። ታንኳ ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ዕድሜ እንደሌለው ጣና ዳር ላደገ ልጅ ምስጢር አይደለም፤ አትላንቲክ ላይ ግን ማድረቂያ ዳርቻ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ሩቅ ልሂድ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። የዘመኑ የኢትዮጵያ ምሁራን ጃፓንን ያዩ የነበረው ባህሏን ሳትጥል የሠለጠነች አገር አድርገው ነበር። ዛሬ ጃፓን የሚሄድ ሀገር ጎብኚ ከፋብሪካው ይልቅ የአትክልት ስፍራውን ያስቀድማል። እንደ ካናዛዋው ኬንሮኩኤን ባሉት ታላላቅ የመራመጃ አትክልቶች መንገዱ ሆን ተብሎ ይጣመማል፤ ኩሬው አንዴ ይገለጣል፣ አንዴ ከጥድ ጀርባ ይሰወራል፣ ተራማጁም ሳይታወቀው እርምጃው ይዘገያል። የጃፓን የደን መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1982 ሰው ወደ ደን ገብቶ አየር እየሳበ ቀስ ብሎ እንዲራመድ የሚያበረታታ ዘመቻ ጀመረ። የቤተ መቅደሶቻቸው አጸዶችም ነባሩን የአገሪቱን ደን ይዘው ከቆዩ ጥቂት ቦታዎች መካከል ናቸው። አማራ ክልልን ከአውሮፕላን ላይ ያየ ሰው ይህ የመጨረሻው ነገር እንግዳ አይሆንበትም፤ በታረሰ ማሳ መካከል ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ የታየበት ቦታ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዘጌ የምትለየው ነጠብጣቡ ሰፍቶ ባሕረ ገብ መሬቱን ሁሉ በመያዙ ነው።

ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ወደቡ ላይ ዕቃ ሻጮች ይጠብቃሉ፤ ከእነርሱ ያለፈ ሰው ወዲያው ከዛፍ በታች ይገባል። መንገዱ በድንጋይና በዛፍ ሥር የተደነቃቀፈ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ነው። ከላይ ዋንዛው፣ ብሳናውና ሰሳው፣ ከሥራቸው ቡናው፣ በየመሃሉ ጌሾና ሎሚ። ጦጣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ሐይቁ በቅጠሉ መካከል ብልጭ ይልና ይጠፋል። ኬንሮኩኤንን የሠሩት ሰዎች በብዙ ልፋት ያመጡትን ውጤት ዘጌ ላይ ማንም አልነደፈውም፤ እግር ያወጣው መንገድ ነው።

ማንም አልነደፈውም ማለት ግን ማንም አልጠበቀውም ማለት አይደለም። በትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም ወደዚህ መጥተው በጸሎት ሲኖሩ ምእመናኑ በሬ ጠምደው እንዳያርሱ፣ በዛፍ ፍሬ እንዲኖሩ ቃል ተሰጥቷቸዋል። ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው የዚያ ቃል ኪዳን ስጦታ ናቸው ይባላል። በዘጌ ማረስ ነውር ሆኖ ኖረ። ባለሙያዎች ስለ አፈር መሸርሸርና ስለ ጥላ ቡና የሚጽፉትን ሁሉ የዘጌ ሰው በአንድ ግዝት ፈጽሞታል ብል አላጋንንም። ጤፍ የሚበላው ገዝቶ ነው፤ ቡናውን፣ ጌሾውንና እንጨቱን ወደ ባሕር ዳር ገበያ ያወርዳል። እንጨቱ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከብዳል። ቡና ዋጋው ሲወድቅ ወይም ሲታመም የሚቆረጠው ጥላው ዛፍ ነው፤ ጥላው ከተቆረጠ ደግሞ ቡናው አይተርፍም።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ከዚህ ደን መካከል ናት። ክብ ናት፤ ውጭውን የሚያቅፈው በረንዳ ቀዝቃዛ ነው፣ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ መቅደሱን የከበበው ግድግዳ ከታች እስከ ላይ ሥዕል ነው። ቀለሙ በጨርቅ ላይ ተቀብቶ ጨርቁ ከግድግዳው ተለጥፏል። አስጎብኚው ሁልጊዜ በላዔ ሰብእ ዘንድ ይቆማል፤ ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው ለተጠማ ድሃ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ሲማር። ሐይቅ ላይ የተቀመጠ ሕዝብ የውኃን ዋጋ በዚህ ታሪክ ማስተማሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አንድ ምክር አለኝ፤ ሥዕሉን በአንድ ዙር ጨርሶ መውጣት አይገባም። አንዴ ዞሮ በረንዳው ላይ ወጥቶ መቀመጥ፣ ዓይን ሲያርፍ ደግሞ መግባት ነው።

ስትወርዱ ቡና መጠጣታችሁ አይቀርም። ከመንገዱ ዳር ካሉት ጎጆዎች አንዷ ጋ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ተዘርግቷል። ቡናው ከጓሮ ተለቅሞ በፀሐይ ደርቆ የተሸለቀቀ ነው፤ ፍሬው ደቃቃ፣ ጣዕሙ ጠንከር ያለ። ከጎኑ ቆሎ አለ። አንደኛውን ጠጥቶ ሰዓቱን የሚያይ እንግዳ ላይ ባለቤቷ ትስቅበታለች። «ኧረ ተቀመጥ ልጄ! ቶናው ሳይወርድ የት ትሄዳለህ? ጀልባው ያለ አንተ አይሄድ።» በረካው እስኪደርስ ሐይቁ መቆጣት ይጀምራል፤ ጀልባ ነጂውም ከታች ያፏጫል።

ምሳ ዓሣ ነው። ለዚህ ክፍል ቦታ አልቆጥብም፤ የባሕር ዳር ሰው በምንም ነገር ባይግባባ በዓሣ ይግባባል። ሐይቁ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች ስትገቡ አስተናጋጇ የምትጠይቀው ጥያቄ አጭር ነው፤ «ሙሉውን ነው ጉላሽ?» ሙሉው ማለት ቆረሶው ነው። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆዱ ጸድቶ፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ በጋለ ዘይት ይጠበሳል። ትልትሉ እየተከፈተ ጠርዙ ይደርቃል፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በእንጀራ፣ በሎሚና በዳጣ ይቀርባል። ሹካ የሚጠይቅ ሰው ሹካ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን አጥንቱን በጣት እንጂ በሹካ የሚያሸንፈው የለም። ጉላሹ በሽንኩርትና በቲማቲም በሸክላ ድስት እየፈላ ይመጣል፤ ዱለቱ ደግሞ በቃሪያ ይሞቃል። ስጋው ወፍራም የሆነው አምባዛ ለጉላሽ ይመረጣል። አምባዛ የማይበሉ ምእመናን ብዙ ናቸው፤ ቅርፊት የለውምና። ጾም ሲገባ ደግሞ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየጠረጴዛው ይነሣል። አባቶች አይበላም ይላሉ፣ ምግብ ቤቶቹ ግን የሚሞሉት ረቡዕና ዓርብ ነው።

ሦስተኛው ነጭ ዓሣ የሚባለው ነው፤ የጣናም ልዩ ነገር እርሱ ነው። ሳይንቲስቶች በዚህ አንድ ሐይቅ ውስጥ ከአንድ ዘር የተከፋፈሉ ከደርዘን በላይ ዝርያዎች እንዳሉ ለይተዋል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። አንዱ ዝርያ ሌላውን ዓሣ ያድናል፣ ሌላው ከጭቃው ይለቅማል፣ ሌላው ቅጠል ይግጣል። ብዙዎቹ ለመራባት ክረምት ላይ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሲገባ አጥማጁ የወንዙ አፍ ላይ መጠበቅን ለመደ፤ ዕንቁላል የያዘችው ዓሣ መረብ ውስጥ ገባች። ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ የእነዚህ ዓሦች መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ እንደቀነሰ ተመዝግቧል። ክረምት ላይ ወንዝ አፍ የተያዘ ነጭ ዓሣ ሲቀርብ «አይ፣ ይቅር» ማለት የሚችል ተመጋቢ ቢበዛ ደስ ይለኝ ነበር። አስተናጋጇ ከየት እንደመጣ ስትጠየቅ ግን «ከጣና ነዋ!» ትላለች፤ ምን ታድርግ።

በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ የደንቢያንና የፎገራን ዳርቻ እየሸፈነ፣ በዘመቻ እየታጨደ፣ መልሶ እየበቀለ ነው። ከባሕር ዳር ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ስለማይታይ እንግዳው ሳያውቀው ይመለሳል።

ከዓሣው ሥር የተነጠፈውን እንጀራም ልብ በሉት። ነጣ ብሎ ለስለስ ያለ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጤፉ ከሩዝ ተቀላቅሏል። ሩዙ ከፎገራ ነው። በደርግ ዘመን የመጡ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያስተዋወቁት ሩዝ፣ ክረምት ውኃ ይተኛበት የነበረውን ሜዳ ቀየረው። እዚያው ወረታ ላይ ያለውን የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ደግሞ የጃፓኑ የትብብር ድርጅት ጃይካ ደግፎታል። ኅሩይ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? ጃፓን ወደ ጣና የመጣችው በእንጀራ በኩል ነው።

ከምሳ በኋላ መተኛት የፈለገ ይተኛ። ያልተኛ ሐይቁ ዳር ማንጎ ሥር ተቀምጦ ስፕሪስ ያዝዛል፤ አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከመሃል፣ ፓፓያው ከላይ ተነባብሮ፣ ሎሚ ተጨምቆበት በማንኪያ የሚበላ ጭማቂ ነው። ወደ አመሻሹ በዛዊት መውጣት ይቻላል። ኮረብታው ላይ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተሠራ ቤተ መንግሥት አለ፤ ከቤቱ ይልቅ ግን ከደጁ የሚታየው ነገር ዋጋ አለው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በደንና በሸንበቆ መካከል ሲጠማዘዝ ይታያል፣ ዕድል ያለው ጉማሬ ያያል። ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው አሮጌ ድልድይና በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ፣ 380 ሜትር የሚረዝመው ድልድይ አብረው ይታያሉ። አዲሱ ድልድይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ስላለው ወጣቱ ማምሻውን እዚያ ይንሸራሸራል። ጥላ ግን የለውም፤ ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ አይሄዱበትም።

ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ መቼ መሄድ እንዳለበት ያላወቀ ሰው ያዝናል። በቀድሞው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ያየነው ፏፏቴ ዓመቱን ሙሉ የለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ውኃውን ከገደሉ አፋፍ ላይ ወደ ቦይ ወሰዱት። በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ ውኃ ከሐይቁ በሌላ በኩል ይስባል። ውኃው ሙሉ ሆኖ የሚወርደው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ነው። በበጋ የሄደ ሰው ግን እንዲሁ አይመለስም፤ ከፏፏቴው በታች በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1626 የተሠራው የአላታ የድንጋይ ድልድይ አለ። በአገሪቱ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ነው ይባላል፤ ዛሬም አህያ ከነጭነቷ ትሻገርበታለች።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ጀልባዎቹ ብዙውን ቀን ታስረው እንደሚውሉ ዘንግቼ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ አማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው፤ መንገዱ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፣ የውጭ ጎብኚ ጠፍቷል። አስጎብኚው ባጃጅ ይነዳል፣ ጀልባ ነጂው ዓሣ ያጠምዳል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ እንግዳ ቢኖርም ዘጌም ሆነ ጢስ ዓባይ ከመሄዱ በፊት የዕለቱን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ግዴታው ነው። በእነዚህ ዓመታት ዳርቻውን የሞላው የከተማው ሰው ራሱ ነው። ሩቅ መሄድ ያልቻለ ቤተሰብ እሑድ ልጆቹን ይዞ ሐይቁ ዳር ይወርዳል።

ሲወርድም የሚያገኘው ቦታ ጠባብ ነው። ለብዙ ዓመታት የዳርቻው ሰፊ ክፍል በአጥር ተይዞ ኖሯል፤ ሐይቁን በነጻ ማየት የሚቻለው በሁለት ግቢዎች መካከል በቀረ ሽንቁር ነበር። በአጥሩ ውስጥ ያሉት ሆቴሎች የቆዩ ዛፎች አሏቸው፣ ለዚያም ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሾላው የተረፈው ሰው ስላልደረሰበት ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን ጥላው የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አለው። የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ የዳርቻው የተወሰነ ክፍል ለእግረኛ ተከፈተ፣ ንጣፉ ተነጠፈ፣ መብራት ተተከለ። ሰው ወዶታል፤ ማታ ማታ ይሞላል። ቀን ግን ንጣፉ ይግላል። አዲሶቹ ችግኞች ከሰው ቁመት አላለፉም፤ ሾላ ደግሞ ሦስት ቤተሰብ የሚያስጠልል እስኪሆን አንድ ትውልድ ይፈልጋል። ስለዚህ ግንባታው ሲቀጥል መንገዱ ዛፉን ዞሮ ይለፍ፤ ንጣፉ ቢጣመም ማንም አይከሰስም፣ ጃፓኖች እንዲያውም ሆን ብለው ያጣምሙታል። የደረሱትን ዛፎች ቆጥሮ ቁጥር ለጥፎ በስም መመዝገብ ለማዘጋጃ ቤቱ ከአንድ መብራት ምሰሶ በላይ ወጪ አያስወጣውም።